ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት በኋላ

ደብዳቤው በእንግሊዝኛ ነበር የተጻፈው፤ ሠርፀን መጀመሪያ ያናደደውም ይኸው ነው። ያለፉት አራት ወራት ደብዳቤዎች በላቲን ፊደል ይጻፉ እንጂ አማርኛ ነበሩ፤ «ጋሼ ጤናዎ እንዴት ነው፣ የጁባ ሙቀት እንዴት ይዞዎታል» እያሉ የሚጀምሩ፣ ተማሪ ለአስተማሪው የሚጽፋቸው ዓይነት። የዛሬው ግን «ውድ ሚስተር ሠርፀ» ይላል። ሃያ ሁለት ዓመት ፊዚክስ ያስተማረ ሰው፣ ያውም ይህንኑ ደብዳቤ ጸሐፊ ዘጠነኛ ክፍል ላይ ስለ ብርሃን ነጸብራቅ ሀ ብሎ ያስጀመረ ሰው፣ በአንድ ሌሊት ሚስተር ሆኖ አረፈው።

ወረቀቱን ከኢንተርኔት ቤት አሳትማ ያመጣችለት ፀደንያ ናት። የሆቴሉ ሪሴፕሽን ላይ የምትሠራ፣ ሃያ ሦስት ዓመት የሞላት፣ ትየባ ላይ ጁባ ውስጥ እኩያ የሌላት ልጅ ናት። ከባንኮኒው ወዲያ ቆማ ፊቱ ሲለዋወጥ ታየዋለች። ማክሰኞ ምሳ ሰዓት ስለነበር አዳራሹ በሾፌሮችና በነጋዴዎች ጢም ብሏል።

«የላኩልኝ ሠንጠረዥና ፎቶግራፎች አይገጥሙም» ይላል ደብዳቤው። «በፎቶግራፎቹ ላይ የምትታየው ሴሬስ በተጻፈው ቀን እዚያ ቦታ ላይ አልነበረችም። ምስሎቹ በሌላ ቀን፣ ምናልባትም በሌላ ሰው፣ የተነሱ ይመስላሉ። ስለዚህ የጁባን ልኬቶች በሙሉ ከጥናቱ ለማውጣት ተገድጃለሁ። ጽሑፉ የፊታችን ሰኞ፣ ሜይ 25፣ ይዘጋል።»

«ምናልባትም በሌላ ሰው» የምትለዋን ሦስት ጊዜ አነበባት። በጨዋ እንግሊዝኛ ሌባ መባል ማለት ይህ ነው። ጨዋ ስድብ ደግሞ ከባለጌው ይብሳል፤ ባለጌውንስ መልሰው ይሰድቡታል።

ነገሩ እንዲህ የከበደው ያለ ምክንያት አይደለም። ሠርፀ ፍኖተ ሰላም ላይ ጠመኔ ሲያራግፍ ኖሮ፣ ደመወዙ ከወር ወር አላደርስ ሲለው ጁባ ወርዶ የወይዘሮ አባይነሽን ሆቴል ማስተዳደር ያዘ። ሆቴል ሲባል ዓባይ ዳር የተደረደሩ ሃያ አራት የኮንቴይነር ክፍሎችና አንድ የቆርቆሮ አዳራሽ ነው። የውሃ ፓምፕ ተበላሸ፣ አንሶላ ጠፋ፣ እንግዳ ሰክሮ በር ገነጠለ፤ ቀኑ በዚህ ያልቃል። አምና ሆቴሉ ውስጥ ይኖር የነበረ አንድ የመንገድ መሐንዲስ ኮንትራቱ ሲያልቅ ቴሌስኮፑን ይዞ መሄድ ቢያስቸግረው ለሠርፀ ትቶለት ሄደ። ሠርፀ ይህንን በደስታ ለዶክተር መልከጼዴቅ ጻፈ። መልከጼዴቅ የድሮ ተማሪው ነው፤ አሁን ሰሜን አውሮፓ አንድ የጠፈር ምርምር ጣቢያ ውስጥ ይሠራል። ወዲያው ቴሌስኮፕ ላይ የሚገጠም ካሜራ በሰው ላከለትና «ጋሼ፣ አብረን እንሥራ» አለው። ሠርፀ ያን ቀን ከፓምፕና ከአንሶላ ሌላ ለምንም የማይፈለግ ሰው መሆኑ አበቃ።

ሥራው የሴሬስን ብርሃን መለካት ነው። ሴሬስ በማርስና በጁፒተር መካከል የምትዞር ድንክ ፕላኔት ናት፤ መጀመሪያ ፕላኔት፣ ኋላ ተራ የጠፈር ድንጋይ፣ ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ደግሞ ድንክ ፕላኔት የተባለች፣ ሹመቷ አልረጋ ያላት። ሄዶ የነካት የለም። ገጽዋ አቧራ ይሁን አለት፣ ልስልስ ይሁን ሸካራ፣ የሚታወቀው ፀሐይን መልሳ ከምታንጸባርቅበት መንገድ ነው። ሠርፀ ይህን ለፀደንያ ሲያስረዳት አስተማሪነቱ ይነሳበት ነበር፦ «ጠዋት ፀሐይን ፊት ለፊት ይዘሽ ጠጠራማ መንገድ ብታዪ፣ እያንዳንዷ ጠጠር ጥላዋን ወደ አንቺ ዘርግታ መንገዱ ይጠቁራል። ዞረሽ ፀሐይን ለጀርባሽ ስትሰጪ ግን ጥላው ሁሉ ከጠጠሩ ኋላ ይደበቅና ያው መንገድ ቦግ ይላል። ሴሬስም ፀሐይ ከጀርባችን ሆና የምናያት ጥቂት ቀን አለ። ያኔ ስንት እጥፍ ቦግ እንደምትል የለካ ሰው፣ ገጽዋ ምን ያህል ሸካራ እንደሆነ ሳይነካት ያውቃል።»

የዘንድሮው ቦግታ የካቲት 18 ቀን 2001 ላይ ዋለ። አውሮፓ በደመና ተሸፍና ነበር። ጁባ በጋ ነው፤ ጨረቃም አልነበረችም። ሠርፀ ለሁለተኛ ጄኔሬተር ተብሎ በፈሰሰው ሲሚንቶ ላይ ቴሌስኮፑን ተክሎ ከዚያ ቀን በፊትና በኋላ ሃያ ዘጠኝ ሌሊት አደረ። እስከ ስድስት ሰዓት ድረስ የግቢው መብራት ዓይን ያጠፋልና ጥቂት ብቻ ይለካል። ልክ ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ሲሆን ወይዘሮ አባይነሽ «ናፍጣው ይበቃል» ብለው ጄኔሬተሩን ያስጠፋሉ፤ ያኔ ዋናው ሥራ ይጀመራል። የካሜራው ሰዓት ብልሽት ስለነበረበት፣ ማታ ማታ ከሬዲዮ ጋር በሚያስተካክለው የእጅ ሰዓቱ እያየ እያንዳንዷን ልኬት ደብተር ላይ በእጁ ያሰፍራል። ዶክተሩ ሠንጠረዡን የፈለገው በፈረንጅ ቀንና ሰዓት ነው። ስለዚህ ፀደንያ ጠዋት ጠዋት ደብተሩን ተቀብላ፣ ሰዓቱን ለውጣ ኮምፒዩተር ላይ ትገለብጠዋለች። ሁለት መቶ አሥር ልኬት ተሰበሰበ። ወባ በመካከሉ ሁለት ጊዜ ጥሎታል፤ ዐቢይ ጾምም ነበር። እና አሁን፣ ይህ ሁሉ ከሆነ በኋላ፣ ሌባ።

«ወረቀት አውጪና ጻፊ» አላት ፀደንያን። ድምፁ ስለተንቀጠቀጠ ይበልጥ ተናደደ።

«እሺ ጋሼ።»

«ለዶክተር መልከጼዴቅ። ዘጠነኛ ክፍል ሳለህ የጎረቤትህን ፈተና ስትገለብጥ ይዤህ፣ ለአባትህ ሳልነግር የማርኩህ ሰውዬ ነኝ። ያን ጊዜ ብነግራቸው ኖሮ ዛሬ አንተ በሬ ትጠምድ ነበር፣ እኔም ከአንተ ደብዳቤ አይደርሰኝም ነበር። ጻፍሽ?»

ፀደንያ ብዕሯን አቆመች። «ጋሼ፣ ይሄ ይደር። ነገ ቢላክ ምን ይለዋል?»

«ይደር?»

«ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው ብዬ ነው። መጀመሪያ ደብተሩን አብረን እንየው።»

ምክሩ ትክክል ነበር፤ ትክክለኛ ምክር ደግሞ ለተናደደ ሰው ቤንዚን ነው። ሠርፀ ወረቀቱን ባንኮኒው ላይ ጣለው። «ሠንጠረዡን ማነው የጻፈው?»

«እኔ ነኝ።»

«ቀኑንስ?»

«እኔ ነኝ። ግን እርስዎ የጻፉትን ነው የጻፍኩት።»

«እንግዲያው የተሳሳትኩት እኔ ነኝ በያ።»

«እንደዚያ አላልኩም።»

«አፍ ለአፍ ትመልሺልኛለሽ ደግሞ። ሃያ ዘጠኝ ሌሊት ትንኝ የበላኝ እኔ፤ አንቺ እዚህ በቬንቲሌተር ሥር ቁጭ ብለሽ፣ ያችኑ ለመገልበጥ አቅቶሽ ስሜን አስጠፋሽው።»

አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ይባል የለ፤ ዶክተሩ በአውሮፕላን የቀን መንገድ ነው፣ ፀደንያ ግን ክንድ ርቀት ላይ ናት። ሠርፀ እጁን ዘረጋ። «ቁልፎቹን አምጪ። የምትኖሪበትንም ክፍል ዛሬውኑ ልቀቂ።»

ፀደንያ አላለቀሰችም። የክፍሎቹን ቁልፎች አንድ በአንድ ከመንጠቆው እያወረደች፣ ሰው ሁሉ እያየ፣ ባንኮኒው ላይ ደረደረቻቸው። የእንግዳ መመዝገቢያውን ዘግታ ከጎናቸው አስቀመጠች። ከዚያ ከክፍሏ ሻንጣዋን አምጥታ በበሩ ወጣች።

ወይዘሮ አባይነሽ ከገበያ ሲመለሱ ወሬው በር ላይ ጠበቃቸው። «ለኮከብህ ብለህ ነው ሠራተኛዬን ያባረርካት?» አሉት።

«ኮከብ አይደለችም፤ ድንክ ፕላኔት ናት።»

«አንተን ግን ትልቅ ሰው አድርጌህ ነበር» ብለው ወደ ማድቤት ገቡ።

የስድቡ ደብዳቤ ያን ቀን አልተላከም፤ የሚተይብ አልነበረማ። በማግስቱ ሠርፀ የሚላከውን ስድብ በማስረጃ ሊያጠናክር ቢሮው ውስጥ ተቆለፈ። ቢሮውም ኮንቴይነር ነው፤ የግንቦት ዝናብ ጣሪያውን እየደበደበ የራስን ሐሳብ እንኳ አያሰማም። ፎቶግራፎቹን በሌሊታቸው ከፋፈለ። ሴሬስ በየሌሊቱ የምትገኝበትን ቦታ የሚያሳየውን የሰማይ ካርታ አጠገባቸው ዘረጋና አንድ በአንድ ማመሳከር ጀመረ። ሴሬስ በአንድ ቀን የሙሉ ጨረቃን ግማሽ ያህል ስለምትንቀሳቀስ ቦታዋን መሳት አይቻልም።

ከምሽቱ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት ሰዓት ላይ የተነሱት ሁሉ ገጠሙ። እያንዳንዱ በገጠመ ቁጥር ጠረጴዛውን በጡጫ ይመታ ነበር። የሰባት ሰዓቶቹ ላይ ሲደርስ ግን ሴሬስ ቦታዋ ላይ የለችም፤ ነገ መድረስ የሚገባት ቦታ ላይ ተቀምጣለች። የስምንት ሰዓቶቹም እንደዚያው። ሌላ ሌሊት አወጣ፤ ያው ነው። ከሁለት መቶ አሥሩ ከስድስት ሰዓት በኋላ የተነሱት መቶ አርባ ናቸው፤ ሁሉንም አየ። ከስድስት ሰዓት በፊት ሁሉም ልክ፣ ከስድስት ሰዓት በኋላ ሁሉም አንድ ቀን የቀደመ።

በመጀመሪያ ደስ አለው። ከስድስት ሰዓት በኋላ ብቻ የሚሰርቅ ሌባ የት አገር አለ፤ ይህንኑ እጽፍለታለሁ ብሎ ብዕሩን አነሳ። ከዚያ ብዕሩን መልሶ አስቀመጠ።

እንደ እኛ ልማድ ሌሊት የዋለበት ቀን ጅራት ነው፤ ቀን የሚቀየረው ሲነጋ ነው። ረቡዕ ማታ ተኝቶ በሰባት ሰዓት ባንኖ የተነሳ ሰው ገና ረቡዕ ሌሊት ላይ ነው። ለፈረንጅ ግን ልክ በእኛ ስድስት ሰዓት፣ ጨለማው መካከል ላይ፣ ሐሙስ ገብቶ ይቀመጣል። ደብተሩ ላይ «የካቲት 18፣ ሌሊት 7፡20» የሚለው ሠንጠረዡ ላይ «ፌብሩዋሪ 25፣ 1፡20» ሆኗል። ሰዓቱ ተለውጧል፣ ቀኑ ግን እንደነበረ ቀርቷል። ሃያ ስድስት መሆን ነበረበት። መቶ አርባውም፣ በሙሉ፣ አንድ አንድ ቀን ጎድሎባቸዋል።

«ይቺ ልጅ» አለ ጮክ ብሎ። ጥፋተኛ ተገኘ። ሃያ ሦስት ዓመት ሙሉ ያልተማረችውን ገጽ በገጽ ሊያሳያት፣ ደብተሩን ወደ መጀመሪያው ሌሊት መልሶ ገለጠ።

ከገጹ ዳር በእርሳስ፣ በደቃቅ የእጅ ጽሕፈት፣ እንዲህ የሚል ነበር፦ «ጋሼ፣ ከ6 ሰዓት በኋላ ያሉት ቀናቸው አይቀየርም?» ሪሴፕሽን ላይ ሌሊት ሰባት ሰዓት የሚገባ ፈረንጅ፣ በጁባ አጠራር ከዋጃ፣ ሁሉ በመግቢያ ቀኑ ስለሚጨቃጨቃት ነው ይህ ጥያቄ የመጣላት። ከሥሩ በቀይ ብዕር፦ «አይቀየርም። ሌሊቱ የዚያው ቀን ነው። ዝም ብለሽ ስድስት ሰዓት ደምሪ።» የተማሪ ደብተር ሲያርም እንደለመደው ፊርማውንም አኑሮበታል።

ሠርፀ ወንበሩ ላይ ቁጭ ብሎ ቀዩን ጽሑፍ እንደ ሌላ ሰው ጽሑፍ አየው። መቼ እንደጻፈው አስታወሰ፤ ፓምፕ ጠጋኙ በር ላይ ቆሞ ይጠብቀው ነበር። አፈረ። ያ እፍረት ግን አምስት ደቂቃ ሳይቆይ ወደለመደው ተመለሰ። ለምን በእርሳስ ጻፈችው? ለምን ደግማ አልጠየቀችም? ለምን ማክሰኞ ዕለት ሰው ፊት ቁልፍ ከመደርደር ይልቅ ደብተሩን ገልጣ አፍንጫው ሥር አልያዘችለትም? ለነገሩ እንየው ብላው ነበር። ይህንንም አስታወሰው፣ በዚህም ተናደደ።

ሌሊቱን ሙሉ መቶ አርባውን ቀን አረመ። ሐሙስ ኢንተርኔት ቤት ሄዶ በሁለት ጣት፣ ፊደል እየፈለገ፣ ሠንጠረዡን ጻፈና ከላይ ምክንያቱን አስቀመጠ። ሌሊትን እኛ እንዴት እንደምንቆጥር በጥሩ አማርኛ አስረዳ። «ስህተቱ የእኔ ነው» የሚለው ላይ ሲደርስ ጣቶቹ አልታዘዝ አሉት። «የገልባጭ ስህተት ነበር» ብሎ ጻፈ። ውሸት አይደለም ብሎ ራሱን አሳመነ፤ የገለበጠችውስ እሷ አይደለችም?

መልሱ ቅዳሜ መጣ፤ በአማርኛ። «ጋሼ ይቅር ይበሉኝ» ይላል። «ቀኖቹን ሳስተካክል ልኬቶቹ ሁሉ መስመር ገቡ። በየካቲት 18 ግራና ቀኝ ያሉትን ሌሊቶች የያዘ ከእርስዎ በቀር አንድም የለም፤ ሌሎቻችን ደመና ውጦን ነበር። ያለ ጁባ የቦግታው ጫፍ አይታይም። ገጽዋ እኛ ካሰብነው በላይ ሸካራ ሳይሆን አይቀርም። እኔም እስከ አሥራ ስምንት ዓመቴ ሌሊትን እንደ እርስዎ ስቆጥር ነው ያደግሁት፤ እንዴት እንዳልታየኝ አፍሬያለሁ። ሰኞ ከመዝጋቴ በፊት የሚጨመር ካለ ይላኩልኝ። ጸሐፊዎን ግን ለሚቀጥለው ጠንቀቅ ይበል ይበሉልኝ።»

ሠርፀ ይህንን ደስታ ለአራት ቀን ሲመኘው ሰንብቷል። ሲመጣ ግን ደሙን አፈላው። አፍሬያለሁ ይላል። አብሮት ሌሊት የቆጠረ የአገሩ ልጅ፣ ሠንጠረዡን ሲያይ መጀመሪያ ለማመን የቀለለው ስርቆቱ ነው። ደብተርዎን አንዴ ይዩት ማለት ከብዶት ነው? ወዳጅን ከመጠየቅ ማባረር ይቀላል? ሠርፀ ይህን ሁሉ እያጉረመረመ ከኢንተርኔት ቤቱ ወጥቶ ሃያ እርምጃ ያህል ሄደ። ከዚያ ቆመ። እያጉረመረመ ያለው ስለ ማን እንደሆነ ገባው።

በቦዳ ቦዳ፣ በኪራይ ሞተር ሳይክል፣ ኒምራ ታላታ ሰፈር ሄደ። ፀደንያ ዘሀራ ሱቅ እንደተጠጋች ሰምቶ ነበር። ዘሀራ ዱቄትና ስኳር በጅምላ የምታከፋፍል፣ ከሠርፀ ቀድማ ጁባ የገባች፣ ለማንም ምላሷን የማትቆጥብ የወሎ ሴት ናት። ፀደንያ ከኋላ የዘይት ጀሪካን እየቆጠረች ቀና ብላ አየችውና ወደ ቆጠራዋ ተመለሰች።

«ሰላም አለይኩም ዘሀራ። ልጅቷን ላናግራት ነበር።»

«ስታናግራትማ ሰማን። ጁባ ሙሉ ነው የሰማው።»

«ስህተት ተፈጥሮ ነው። ቁጣም ነበር። ነገ ወደ ሥራዋ ትመለስ።»

ዘሀራ ክንዷን አጣጥፋ አየችው። «ምን ሆና ነው የወጣችው እየተባለ እንደሆነ ታውቃለህ? ሪሴፕሽን የምትሠራ ልጅ፣ ሰው ፊት ቁልፍ አስረክባ ስትወጣ፣ ምን ሆና ነው የምትወጣው? የእንግዳ ዕቃ ነክታ ነው ነው የሚባለው። ሁለት ሆቴል ሥራ ጠይቃ ሁለቱም ፊቷን አይተው አሰናብተዋታል። ወላሂ፣ አንተ ልጅቷን ሌባ አሰኝተሃታል።»

«እኔ ሌባ አላልኳትም።»

«ምናልባትም በሌላ ሰው ነው ያለዎት ዶክተሩም» አለች ፀደንያ ከኋላ። ጀሪካኑን አስቀምጣ መጣች። ከማክሰኞ ወዲህ ከስታለች። «እሱም ሌባ አላለዎትም። ደብዳቤውን እኔ ነኝ ያሳተምኩት፤ አንብቤዋለሁ። እርስዎ ማስረጃ አውጥተው ይነጻሉ። እኔ ምን ላውጣ?»

«ደብተሩን አይቼዋለሁ» አለ ሠርፀ። «ጠይቀሽኝ ነበር። ይቅርታ አድርጊልኝ ልጄ።»

ቃሉ ሲወጣ ከበደው፤ ትልቅ ነገር የሰጠ መሰለው። ፀደንያ ግን አልተቀበለችውም። «ያባረሩኝ ሰው ፊት ነው» አለች። «ይቅርታውንም ሰው ፊት ይበሉኝ።»

«እኔ ሽማግሌ ሰው፣ ሾፌር ሁሉ በተሰበሰበበት?»

«ሾፌር ሁሉ በተሰበሰበበት።»

«ካላስ፣ በቃ፣ ሰምተሃል» አለች ዘሀራ።

ሠርፀ ሰላምታ ሳይሰጥ ወጣ። ድፍረቷ አንገበገበው። በኔ ዕድሜ ያለን ሰው አደባባይ አቁማ ልታስለፈልፈው፤ ያውም በእሱ ሥር ስትሠራ በኖረችበት ቤት። መንገዱን ሁሉ ከራሱ ጋር ተከራከረ፣ ተከራክሮም አላሸነፈም። ማታ ለዘሀራ ሰው ልኮ ነገ ምሳ ላይ ይምጡ አለ።

እሑድ ጁባ ያለ አበሻ ካቶር ሰፈርም ይኑር የትም ከቤተ ክርስቲያን መልስ ጥብስ ሊበላ ወይዘሮ አባይነሽ ዘንድ ይሰበሰባል። ፀደንያና ዘሀራ በሩ አጠገብ ተቀመጡ፤ ምንም አላዘዙም። ሠርፀ ሁለት ጊዜ ሊነሳ ብሎ ተቀመጠ። በሦስተኛው ተነሳና ብርጭቆ መታ።

«ማክሰኞ ዕለት ፀደንያን ከሥራ አስወጥቻለሁ» አለ። «አይታችኋል። ብዙ ወሬ እንደተወራም ሰምቻለሁ። ልጅቷ የነካችው ነገር የለም። የወጣችው በእኔ ስህተት ነው።» እዚህ ላይ ሊቀመጥ ነበር፤ ግን ከጠረጴዛዎቹ አንዱ ዝም አላለውም።

ጫኔ የሚባለው የከባድ መኪና ሾፌር ነው። «ምን ዓይነት ስህተት?» አለ ቁራሹን ይዞ። «በደንብ ንገረን እንጂ፣ አለበለዚያ ደግሞ ሌላ ይወራል።»

ስለዚህ ሠርፀ ለሃምሳ ተመጋቢ፣ ጥብስ እየቀዘቀዘ፣ ስለ ሴሬስ አስረዳ። ስለ ብርሃኗ፣ ስለ ደብተሩ፣ ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ላይ ስለሚቀየረው የፈረንጅ ቀን። ጫኔ አቋረጠው። «ቆይ፣ ሌሊት በሰባት ሰዓት ቤቴ ብገባ ሚስቴ ነገ ገባህ ልትለኝ ነው?» አዳራሹ ሳቀ። ሠርፀ ጆሮው ድረስ ቀላ፤ ሃያ ሁለት ዓመት ሲያስተምር እንዲህ ተስቆበት አያውቅም። ጥርሱን ነክሶ ቀጠለ። «እሷ ቀኑ ይቀየራል ወይ ብላ ጠይቃኛለች። አይቀየርም ብዬ በቀይ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ደብተሩ ይኸው፤ ማየት የሚፈልግ ይይ። ፀደንያ፣ ይቅርታ አድርጊልኝ።»

አሁን ሁሉም ወደ በሩ ዞረ። ትልቅ ሰው እንዲህ ዝቅ ካለ፣ ታናሽ ተነስታ ጉልበት ስማ ነገሩ ይዘጋል፤ ወጉ ይኸው ነው። «በይ እንግዲህ፣ ተነሽ» አሉ ወይዘሮ አባይነሽ ለስለስ ብለው። «በቃ፣ ይቅር በይው» አለ ጫኔም። ሠርፀ ጉልበቱን እንዳትስም ሊከለክላት እጁን ሳይቀር አዘጋጅቶ ነበር።

ፀደንያ ተነሳች። ከቆመችበት አልተንቀሳቀሰችም። «ለዶክተሩስ ጥፋቱ የማን ነው ብለው ጻፉለት?»

ምን ብሎ እንደጻፈ ማንም አላወቀም ነበር። ቢዋሽ የሚያጋልጠው አልነበረም፤ ዶክተሩ ባሕር ማዶ ነው፣ ደብዳቤውም ያለው እሱ ጋ ብቻ ነው። ሠርፀ አዳራሹን አየ፣ በእጁ የያዘውን ደብተር አየ። በዚያች ልጅ ላይ እስካሁን ድረስ ተናዶ እንደነበር ያን ጊዜ ታወቀው፤ ቁጣው ደግሞ ሌላ ምክንያት አልነበረውም፣ ልክ ስለሆነች ብቻ ነው።

«የገልባጭ ስህተት ነበር ብዬ» አለ።

ወይዘሮ አባይነሽ ዓይናቸውን ወደ ወለሉ ጣሉ።

«ጽሑፉ ነገ ይዘጋል» አለች ፀደንያ። «እንግዲያው ገና አልጨረሱም ጋሼ።»

ተመልሳ ተቀመጠች። ሠርፀ ደብተሩን ሸሚዙ ውስጥ ሸጉጦ፣ ምሳውን እንደቀረበ ትቶ፣ በዝናቡ ወደ ኢንተርኔት ቤቱ ሄደ።